«ድካም» ወይስ «የምልልስ ስብራት»? የአንድ ስያሜ ታሪክ

ለረጅም አገልግሎት የሚሆን ሞላ ስለመምረጥ የተጻፈ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ተርጓሚውን በቅድሚያ የሚገጥመው «ፋቲግ» የተባለው ቃል ነው። በቀላሉ የሚመጣለት አቻም «ድካም» ነው። ከቃሉ አመጣጥ አንጻር ይህ ስሕተት የለበትም፤ ዳሩ ግን ቃሉ በተወለደበት ቋንቋም ቢሆን ለነገሩ የተሟላ ስያሜ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ የመንኰራኵር ዘንግ ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያን ዘመን ብረት በመንቀጥቀጥ ብዛት ውስጣዊ ባሕርዩ ተለውጦ ክሪስታል ይሆናል የሚል እምነት ነበር። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ራንኪን ግን በ1843 ስብራቱ ከዘንጉ ገጽ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ ገለጸ። በ1854 እንግሊዛዊው ብሬዝዌት ይህን መሰሉን ስብራት «ፋቲግ» ሲል በጽሑፍ ጠራው። ጀርመናዊው ቮለር እስከ 1870 ባካሄዳቸው ሙከራዎች፣ ወሳኙ የጭነቱ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን በከፍተኛውና በዝቅተኛው ጫና መካከል ያለው ልዩነትና የምልልሱ ብዛት መሆኑን አሳየ። በ1903 ደግሞ ዩዊንግና ሃምፍሪ ጥቃቅን የመንሸራተት መስመሮች ወደ ስንጥቅ ሲለወጡ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ስያሜው እንግዲህ ከዕውቀቱ ቀድሞ የተሰጠ ነው።

«ድካም» በአማርኛ ሁለት ነገር ያሳስባል። አንደኛ፣ የደከመ ካረፈ ይበረታል፤ የተሰነጠቀ ሞላ ግን ቢያርፍ አይድንም። ሁለተኛ፣ የደከመ ኃይሉ ይቀንሳል። ቁመቱ አጥሮ ግፊቱ የቀነሰ ሞላ ደከመ ቢባል ያስኬዳል፤ ይህ ግን ሌላ ብልሽት ነው። በምልልስ የሚሰበረው ሞላ እስከ ስብራቱ ዋዜማ ድረስ እንደ አዲስ ሊገፋ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ መመሪያ፣ የሽቦውን ገጽ መመርመር የሚገባውን ባለሙያ ቁመት ብቻ እንዲለካ ያደርገዋል።

ጉዳዩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞር ባለአራት ምት ሞተር ውስጥ የቫልቭ ሞላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይታመቃል፤ በ111 ሰዓት ገደማም 10 ሚሊዮን ምልልስ ይሞላል። ስለሆነም መራጩ የጫናው ልዩነት አነስተኛ የሆነውን፣ ሽቦው ጭረትና ዝገት የሌለበትን፣ በተለይም ጫናው በሚበረታበት በጥቅልሉ ውስጠኛ ጎን ንጹሕ የሆነውን ይሻል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ገጽን በብረት እንክብሎች የመደብደብ ዘዴም ስንጥቅ እንዳይከፈት ገጹን አምቆ ይይዛል።

በዚህ መሠረት «የምልልስ ስብራት» እና «የምልልስ ዕድሜ» የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን፤ ዕድሜው የሚቈጠረው በዓመት ሳይሆን በምልልስ ነውና። ብረት ሳይሰበር ይቈይበታል ለሚባለው የጫና ልክ «የጽናት ወሰን» ይስማማል፤ ነገር ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች ጠንካራ የሞላ ብረት ከ10 ሚሊዮን ምልልስ በኋላም ከውስጡ ባለ ባዕድ ቅንጣት ተነሥቶ ሊሰበር እንደሚችል ስላሳዩ፣ ፍቺው «ፈጽሞ አይሰበርም» ሊል አይገባም። ከጣሊያንኛ የመጣው «ሞላ» ግን ከግሡ ጋር በጽሕፈት ቢመሳሰልም፣ ባለሙያው የሚያውቀው ስለሆነ ባለበት ይጽና።

«ድካም»ን የሚመርጥ ቢኖር እንኳ፣ ይህ ድካም ዕረፍት የማይፈውሰው መሆኑን በፍቺው ውስጥ ሊጽፍ ይገባል።