ቬንትሌተርና የሳንባ ብግነት

በሳንባ ምች፣ በደም መመረዝ ወይም በአደጋ የተጎዳን ሳንባ የሚያግዘው ቬንትሌተር ራሱ ብግነት ሊያባብስ ይችላል። የተጎዳ ሳንባ እኩል አይነፋም፤ ከፊሉ በፈሳሽ ስለሚሞላ የሚገፋው አየር ክፍት ወደ ሆኑት ጥቂት የአየር ከረጢቶች ያደላል። እነርሱ ከልክ በላይ ይለጠጣሉ፤ ሌሎቹ በየትንፋሹ እየተከፈቱና እየተዘጉ ይጎዳሉ። የተለጠጡት ሕዋሳት እንደ ኢንተርሊውኪን-6 ያሉ የብግነት መልእክተኞችን ይለቃሉ፤ እነዚህም በደም ተጉዘው ኩላሊትን ጭምር ሊያውኩ ይችላሉ።

ወሳኙ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካ መጣ። 861 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ በአንድ ትንፋሽ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶው ሲሞቱ፣ 6 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው የሞቱት 31 በመቶ ነበሩ፤ ኢንተርሊውኪን-6ም በኋለኞቹ ይበልጥ ቀንሷል። ኪሎው የሚሰላው ከጾታና ከቁመት እንጂ ከሚዛን አይደለም፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አያድግምና። በ2013 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ በጠና የታመሙትን በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት በሆድ ማስተኛት ሞትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ ዕቃ ሳይሆን የሠለጠነ እጅ ነው።

የሳንባው ጉዳት ክብደት በደም ኦክስጅን ሲለካ ግን የቦታው ከፍታም ይታሰባል፤ ለምሳሌ አዲስ አበባን የከበቡት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የጤነኛም ሰው የደም ኦክስጅን ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ በባሕር ዳርቻ ልኬት መዳኘት ሕመሙን ሊያጋንን ይችላል። ይህን የሳንባ ጉዳት ለመለየት የሚያገለግለው የ2012ቱ የበርሊን መስፈርትም ከ1,000 ሜትር በላይ ማስተካከያ ይጠይቃል። በ2016 የቀረበው የዚሁ መስፈርት የኪጋሊ ማሻሻያ የደም ጋዝ ምርመራ በሌለበት በጣት የሚለካውን ኦክስጅን ተቀብሏል።