ሁለቱ ዋሻዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ መኪናው ተራራው ሆድ ውስጥ ይገባል። ዋሻውን የቀደደው ፋሺስት ጣሊያን ነው፤ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጦሩን ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ ለማመላለስ።

ከእጮኛዬ ቤተሰብ ጋር ለሽርሽር ስናልፍ አባቷ፣ «ጣሊያን እኮ መንገድ ሠርቶልናል» አሉ። «ሠርቷል» ቢሉ እስማማለሁ፤ «ሠርቶልናል» ግን አልተዋጠልኝም። ጋሼን ደግሞ ማን ይከራከራል? እናቷ ናቸው የመለሱት፤ የመንዝ ሰው ናቸው። «ለእኛማ ያመጣው መርዝ ነው!»

አመጸኛ ዋሻን ማለታቸው ነው። በሚያዝያ 1931 የጣሊያን ጦር መንዝ ውስጥ እዚያ የተጠለሉ አርበኞችን ከነቤተሰባቸው በመርዝ ጋዝ ደበደበ፤ እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች ረሸነ። ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ እጮኛዬ ጥያቄ በጥያቄ ሆነች፤ ከእናቷ ሰምታው አታውቅም።