ካቻቢቴ ውስጥ የተደበቀው ግስ

ሶማሌ ተራ፣ መኪና ሥር የተጋደመ መካኒክ እጁን ብቻ አውጥቶ «ካቻቢቴ!» ሲል ረዳቱ የሚያቀብለውን ያውቃል። ቃሉ የጣሊያንኛው «ካቻቪቴ» ነው፤ «ካቻሬ» (ማባረር፣ ማደን) ከሚለው ግስና ብሎን ከሚባልበት «ቪቴ» የተገጣጠመ። «ቪቴ» ቀድሞ የወይን ሐረግ ስም ነበር። ሐረጉ ስለሚጠማዘዝ ለብሎኑ ተዋሱት። ግሱ ከተራው የሮማ ሕዝብ አፍ የወረደ ነው፤ ፈረንሳዩ «ሻሴ»፣ ፖርቱጋሉ «ካሳር» ይለዋል፤ ስፔኑም ከዚያ አይርቅም። እንግሊዝኛ ደግሞ ከሁለት የፈረንሳይ ቀበልኛዎች ሁለት ጊዜ ወስዶ «ካች»ንም «ቼዝ»ንም አወጣበት።

የመኪናችን ቋንቋ እንዲህ ያለ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ። ካቻቢቴው የሚፈታው «ብሎን» ራሱ «ቡሎኔ» ነበር። «ካምቢዮ»ም መለወጥ ማለት ከሆነው «ካምቢያሬ» የመጣ ነው፤ ፈረንሳዩ «ሻንዤ» የሚለው።

የሰፈሩ የመርካቶ ስምም ግስ አለበት። ላቲኑ መነገድን «ሜርካሪ» ይል ነበር፤ ጣሊያኑ «ሜርካቶ»፣ ስፔኑ «ሜርካዶ»፣ ፈረንሳዩ «ማርሼ» ከዚያው ናቸው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ግን ቀድሞ መርካቶ አልነበረም። አራዳ ላይ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ በምኒልክ ዘመን ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ያዙበት የነበረ። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጭና ጥቁር ለየብቻ እንዲኖሩ አቀደ። አራዳን ለራሱ «ፒያሳ» አድርጎ የሐበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ገፋው። ስሙንም «ሜርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገሬው ገበያ መሆኑ ነው። በአገሩ ላይ «አገሬው» መባል ስድብ እንጂ ማዕረግ አልነበረም።

ገበያተኛው «ኢንዲጄኖ»ን ጣለና መርካቶን ያዘ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረርም ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። ቦታው ሰፊ ነበር፤ ክፍለ አገር የሚሄደውና የሚመጣው አውቶቡስም እዚያው አጠገብ ቆመ።

«ሜርካሪ» በጣሊያን የዕለት ንግግር ውስጥ ዛሬ የለም፤ እቃ የሚገዛው ሰው «ኮምፕራሬ» ነው የሚለው፣ ስፔኑም «ኮምፕራር»። ይሄኛው መርካቶ አልደረሰም። ሸማ ተራም ሆነ ምናለሽ ተራ ሰው ይገበያል፣ ይሸምታል፣ ይሸቅጣል፤ ዋጋው ካልተስማማውም «ጨርስልኝ» እያለ ይከራከራል።