ወርቅ ሠሪው ቤንቬኑቶ ቸሊኒና ከእሳት የተረፈው ሥራው

በኢጣሊያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ ኖቬምበር 3 ቀን 1500 ዓ.ም. ለጆቫኒ ቸሊኒ ወንድ ልጅ ተወለደለት። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከተው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ወላጆቹ ሴት ትወለዳለች ብለው ሲጠብቁ ወንድ ስለ መጣ አባትየው ቤንቬኑቶ ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም እንኳን ደኅና መጣህ ማለት ነው። አባቱ የሙዚቃ ሰው ነበርና ልጁ ዋሽንት ነፊ እንዲሆንለት አጥብቆ ይመኝ ነበር። ልጁ ግን ዋሽንቱን ጠልቶ መዶሻውን ወደደ፤ በ15 ዓመቱም አባቱን አሳዝኖ ከአንድ አንጥረኛ ቤት ገባ።

ይህ ሰው ኋላ በእጅ ጥበቡ ከነገሥታትና ከሮማ ፓፓዎች ፊት የቆመ ታላቅ ወርቅ ሠሪ ሆነ። ነገር ግን ወርቅን ወደ እሳት የመለሰ እጅ የእርሱ እጅ መሆኑን ታሪኩ ይነግረናል።

በ1527 ዓ.ም. በሜይ ወር ደመወዝ የቀረባቸው የንጉሠ ነገሥቱ የካርል 5ኛ ጭፍሮች ሮማን ሰብረው ገቡ። ፓፓው ቀሌምንጦስ 7ኛ ካስቴል ሳንታንጀሎ ከሚባለው አምባ ሸሽተው ተከተቱ፤ ቸሊኒም ከዚያው ገብቶ መድፍ ተኳሽ ሆነ። ከበባው በጸና ጊዜ ፓፓው በስውር አስጠርተውት ዘውዶቻቸውንና የቤተ መዛግብቱን ጌጥ በፊቱ አስቀመጡ። ዕንቈቹን ከወርቁ እየነቀለ አወጣቸው፤ እያንዳንዱም በወረቀት ተጠቅልሎ በፓፓውና በአንድ ታማኝ አገልጋያቸው ልብስ ገበር ውስጥ ተሰፋ። የቀረው ወርቅ፥ እርሱ እንደ ጻፈው፥ 200 የሮማ ልጥር ያህል ይመዝን ነበር፤ በዛሬው ሚዛን ወደ 68 ኪሎ መሆኑ ነው። ቸሊኒ ከአምባው ራስ ላይ ባለችው ክፍል በጡብ ምድጃ ሠራ፤ ያለ ወናፍ በራሱ ነፋስ የሚስብ ምድጃ ነበረ። ወርቁንም ከፍሙ ላይ ጥቂት በጥቂት ቢጥለው እየቀለጠ ወደ ታች ይንጠባጠብ ጀመር። ከእርሱ በፊት የነበሩ አንጥረኞች ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ሥራ እንዲህ ሆኖ በአንዲት ክፍል ውስጥ አለቀ፤ የሠሪዎቹን ስም ያነሣላቸው ሰው የለም።

ከአመዱ ውስጥ አንድ ልጥር ተኩል የሚያህል ጥሬ ጥሬ ወርቅ አግኝቶ ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ኋላ ኅሊናው ስለ ወቀሰው ለዚያው ለፓፓው ተናዘዘና ተፈታ። ይህን የምናውቀው ራሱ ስለ ነገረን ነው፤ በመጽሐፉ እጅግ የሚመካ ሰው ይህን መሸሸጉ ይቀለው ነበርና በዚህ ቃሉ ልናምነው ይገባል።

ፓፓው ወደ መንበራቸው ከተመለሱ በኋላ ለካባቸው የሚሆን የወርቅ ማያያዣ እንዲሠራላቸው አዘዙት። ስፋቱ እንደ መዳፍ ሆኖ በመካከሉ ታላቅ አልማዝ ይገባበታል። ሌሎቹ አንጥረኞች ባቀረቡት ንድፍ አልማዙን ከእግዚአብሔር አብ ሥዕል ደረት ላይ አደረጉት፤ ቸሊኒ ግን አልማዙን ዙፋን አድርጎ እግዚአብሔር አብን በላዩ አስቀመጠው። ፓፓው የሰሙን አምሳል ባዩ ጊዜ ሥራውን ለእርሱ ሰጡት። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ስንል አንጥረኛው ወርቁን ሲያፈስበት ቀልጦ የሚጠፋውን ሰም እናስባለን፤ ቸሊኒ ግን በዚህ ሥራ ሰሙን አላቀለጠም። ከፊቱ አቁሞ እያየ፥ ጠፍጥፎ ሰሌዳ ያደረገውን ወርቅ ከጀርባው በትንንሽ መሣሪያ እየመታ ሆዱን አስወጣው። ወርቁ ሲደርቅበት በእሳት አግሎ ያለሰልሰዋል፤ እንደ ገናም ይመታዋል። አንድ ጊዜ አለመጠን ቢመታ ወርቁ ይቀደዳል፤ ስለዚህ ይህ የትዕግሥት ሥራ ነው። ትዕግሥትም በሌላው ኑሮው ያልነበረው ነገር ነው፤ በ1534 ዓ.ም. አንድ ባላንጣውን ወርቅ ሠሪ በመንገድ ላይ በጩቤ ገድሎ ነበርና።

በ1533 ዓ.ም. ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤና የወርቅ መስቀል ይዞ በቦሎኛ ከተማ የቀረበው በእኒሁ በቀሌምንጦስ ፊት ነው።

ያ ማያያዣ ከ250 ዓመት በላይ ቈየ። በ1797 ዓ.ም. ግን ፓፓው ፒዮስ 6ኛ ናፖሌዎን የጣለባቸውን ዕዳ ለመክፈል ሲያጡ ወርቁ ቀለጠ። ዛሬ የቀረው አስቀድሞ አንድ ሠዓሊ በቀለም የሣለው መልኩ ነው፤ እርሱም በሎንዶን ቤተ መዘክር ይገኛል።

ወርቅ ማቅለጡም ሳይቈይ ተመልሶ ያዘው። በ1538 ዓ.ም. በፓፓው በጳውሎስ 3ኛ ዘመን፥ በከበባው ጊዜ ዕንቍ ሰርቀሃል ተብሎ በዚያው በሳንታንጀሎ ታሰረ። መዝገቡ ይመርመር ብሎ ተከራከረ፤ ተመርምሮ የጎደለ ዕንቍ ባይገኝም አልተፈታም። የአልጋ ልብስ ቀዶ ገመድ አድርጎ ከግንቡ ቢወርድ እግሩ ተሰበረና እንደ ገና ተያዘ። በ1539 ዓ.ም. መጨረሻ በካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ አማላጅነት ተፈትቶ ወደ ፈረንሳይ ወረደ።

በዚያም ንጉሡ ፍራንሷ 1ኛ ለጨው ዕቃ ሥራ 1000 የወርቅ ብር ሰጡት። በሌሊት ተሸክሞት ሲመለስ አራት ወንበዴዎች ቢገጥሙት በሰይፉ ተከላክሎ ወርቁን ከቤቱ አገባ። በ1543 ዓ.ም. የተፈጸመው ሥራ ቁመቱ 26 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን መቀመጫው ዞጲ እንጨት ነው። ባሕር በወንድ አምሳል፥ ምድርም በሴት አምሳል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የብስና ባሕር እርስ በርሳቸው እንደሚገቡ እግሮቻቸው ተላልፈዋል። ጨው በባሕሩ አጠገብ ባለች መርከብ፥ በርበሬም በምድሪቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤተ መቅደስ ይቀመጣል። ለጥቂት ጨው ይህን ያህል ወርቅ ማውጣት የቤተ መንግሥት ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ፍሎሬንስ ተመልሶ በ1554 ዓ.ም. የተገለጠውን የፔርሴዎስን የነሐስ ሐውልት ሠራ፤ ስለ ወርቅ ሥራ ጥበብም መጽሐፍ ጽፎ በ1568 ዓ.ም. አሳተመ፤ በ1571 ዓ.ም. ሞተ።

የጨው ዕቃውን በ1570 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 9ኛ ለቲሮሉ መስፍን ለፈርዲናንድ በስጦታ ሰጠው፤ በዚሁ ምክንያት ወደ ኦስትሪያ ሄደ። ያለ ክርክር የቸሊኒ ነው ከሚባል ከከበረ ብረት የተሠራ ታላቅ ሥራ የተረፈው ይህ አንድ ብቻ ነው። በሜይ 11 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት አንድ ሌባ ከቪየና ቤተ መዘክር በመስኮት ገብቶ ወሰደው፤ ብዙዎችም ወርቁን ያቀልጠው ይሆናል ብለው ፈሩ። በጃንዋሪ 2006 ዓ.ም. ሰውየው ተይዞ ሥፍራውን አሳየ። ዕቃው በጽቬትል ከተማ አቅራቢያ ባለ ጫካ ውስጥ በሣጥን ሆኖ ከመሬት ተቀብሮ ተገኘና ወደ ቪየና ተመለሰ።