በጣና ዳር የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ምርምርና የገንዘብ ምንጩ

በባሕር ዳር የኬሚስትሪ ትምህርት መሠረት የተጣለው በውጭ ርዳታ ሲሆን፣ ርዳታው የታሰበው ግን ለምርምር ሳይሆን ለፋብሪካ የሚሆን ባለሙያ ለማፍራት ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረትና በኢትዮጵያ መንግሥት የቴክኒክ ትብብር የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከእንጨትና ከብረታ ብረት ሙያዎች ጎን ለጎን የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪን ያስተምር ነበር። ከኢጣሊያ የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዚያው ከተማ ቀደም ብሎ ተቋቁሞ ስለነበር፣ ጨርቅ የሚነጣበትንና የሚቀለምበትን ኬሚካል የሚያውቅ ቴክኒሻን ተፈላጊ እንደነበር መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው፣ በኋላ የመምህራን ኮሌጅ የሆነው አካዳሚም የተቋቋመው መምህራንን ለማሠልጠን ነው። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እስኪሆኑ ድረስ፣ የሁለቱም ዋና ዓላማ ሥልጠና እንጂ ምርምር አልነበረም።

የምርምር ገንዘብ በብዛት ያመራው ወደ አዲስ አበባ ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 በፊዚክስ የተጀመረውና በ1970 ኬሚስትሪን የጨመረው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም፣ ግለሰብን ሳይሆን የምርምር ቡድንን ለብዙ ዓመታት በመደገፍ ይታወቃል፤ በአዲስ አበባ የነበሩ ቡድኖችም ከዚህ ድጋፍ ተጠቃሚ ነበሩ። የመድኃኒት ዕፅዋትን የሚያጠኑት የተፈጥሮ ውጤቶች ኬሚስቶች የሚያጠኑት ነገር በአገር ውስጥ ሞልቶ ስለሚገኝ፣ ለጋሾችን ማሳመን ይቀላቸው ነበር። የብረት ውህዶችን የሚያጠናው ኬሚስት ግን ይህ ዕድል አልነበረውም፤ ሪኤጀንቱ፣ ማለትም ለሙከራ የሚገባው ኬሚካል፣ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል።

የገንዘቡ ማነስ በጥናቱ ዓይነት ላይም ይታያል። ኮኦርዲኔሽን ውህድ፣ ማለትም የብረት አዮን ሊጋንድ ከተባሉ ሞለኪውሎች ጋር ተያይዞ የሚፈጥረው ውህድ፣ በቀላል ዕቃ ሊሠራ ይችላል፤ የመዳብ ጨው በውኃ ወይም በኢታኖል ይሟሟል፣ የተሟሟው ሊጋንድ ቀስ በቀስ ይጨመርበታል፣ ድብልቁ ይሞቃል፣ ከዚያም ክሪስታሉ እስኪወጣ ይጠበቃል። ብረት በቀጥታ ከካርቦን ጋር የተሳሰረበት ኦርጋኖሜታሊክ ውህድ ግን ብዙውን ጊዜ ኦክስጅንና እርጥበት ስለሚያበላሹት፣ አርጎን ወይም ናይትሮጅን ጋዝ፣ የቫኪዩም መስመርና የደረቀ አሟሚ ይጠይቃል፤ ጋዙ በመሃል ቢቋረጥ የሳምንታት ሥራ ሊጠፋ ይችላል። የባሕር ዳር ኬሚስቶች እንደ ፌናንትሮሊን ያሉ ሊጋንዶችን ከኮባልትና ከመዳብ ጋር አያይዘው በባክቴሪያ ላይ የሚሞክሩበትን መስመር መያዛቸው ከዚህ አንጻር አስተዋይ ምርጫ ነው፤ አነስተኛ በጀት የሚችለው፣ ለጤናም ቀጥተኛ ጥያቄ የሚያነሣ ሥራ ነውና።

ይሁንና የተሠራው ምን እንደሆነ ማረጋገጥ ሌላ ወጪ ነው። የንጥረ ነገር ትንተና፣ የኤክስ ሬይ ክሪስታል ጥናትና የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ መሣሪያዎች ውድ ከመሆናቸውም በላይ የማያቋርጥ ጥገና ይፈልጋሉ፤ ለጋሾች ደግሞ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ የጥገናውን ወጪ ለመሸፈን ሲያመነቱ ይታያል። መሣሪያው በሌለበት ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ይላካል፤ ተመራማሪውም ውጤቱ እስኪመጣ ቀጣዩን ሙከራ ለማቆየት ይገደዳል።