ሳፕሱሮ፤ በባሕርና በዱር መካከል ያለች የጠረፍ መንደር

ደቡብ አሜሪካና መካከለኛው አሜሪካ የሚጋጠሙበትን ቀጭን ምድር በካርታ ላይ ብትመለከቱ፥ በካሪብያን ባሕር ዳር ሳፕሱሮ የምትባል ትንሽ መንደር ታገኛላችሁ። በኮሎምቢያ ግዛት፥ በቾኮ ክፍለ አገር፥ በአካንዲ ወረዳ ሥር የምትተዳደር ናት። ወደ እርስዋ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። ጐብኚው የኡራባን ባሕረ ሰላጤ በሞተር ጀልባ ተሻግሮ ካፑርጋና ይደርሳል፤ ከዚያም ሌላ ጀልባ ይይዛል፥ ወይም ዱሩን አቋርጦ በእግሩ ይሄዳል። ከመንደሪቱ በላይ ያለውን ኮረብታ በደረጃ ሲወጣ ከጫፉ ላይ ድንበሩን ያገኛል፤ ወዲያ ማዶ ቁልቁል የምትታየው ላ ሚየል የፓናማ መንደር ናት።

ይህ ጠረፍ ሩቅ ቢሆንም ታሪክ የረሳው አይደለም። በ1510 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እስፓኞች ሳንታ ማሪያ ላ አንቲጓን የቈረቈሩት በዚሁ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ነው፤ ባልቦዋም በ1513 ፓሲፊክ ውቅያኖስን ለማየት የተነሣው ከዚያች ከተማ ነበር። በ1698 ደግሞ ስኮትላንዳውያን በአምስት መርከብ መጥተው ከዚህ በስተሰሜን ምዕራብ ሰፈሩ፤ ነገር ግን በሽታና ረኃብ ስለ ጨረሳቸው፥ እስፓኞችም ስለ ከበቡዋቸው፥ በ1700 ቦታውን ለቀው ሄዱ።

በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለምንውል ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የድንበሩ አወጣጥ ነው። ፓናማ ኑዌቫ ግራናዳ ትባል ከነበረችው ከዛሬይቱ ኮሎምቢያ ጋራ አንድ በነበረችበት ጊዜ፥ በጁን 9 ቀን 1855 የወጣ አንድ ሕግ ፓናማን ከጎረቤት ግዛት የሚለየውን ወሰን ደነገገ። ይህም የውስጥ አስተዳደር ወሰን እንጂ የሁለት መንግሥታት ድንበር አልነበረም። በኖቬምበር 3 ቀን 1903 ፓናማ በአሜሪካ ድጋፍ ተገነጠለች። ኮሎምቢያም ብዙ ዘመን አልቀበልም ብላ ቈየች፤ በኋላ ግን አሜሪካ በ1914 ውል መሠረት 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለቻት። በኦገስት 20 ቀን 1924 ሁለቱ አገሮች የድንበር ውል ሲፈራረሙ ያን የቈየ ሕግ ከመዝገብ አውጥተው፥ ከሳፕሱሮ አጠገብ ካለው ከቲቡሮን ርእሰ ምድር የሚነሣውን ወሰን እንዳለ ተቀበሉት። እንግዲህ ለአገረ ገዢዎች ሥራ ማቅለያ የተጻፈ አንቀጽ፥ ከ69 ዓመት በኋላ የዓሣ አጥማጆችን ኮረብታ የሁለት መንግሥታት ጠረፍ አደረገው ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 በካይሮ ባደረገው ጉባኤ፥ አባል አገሮች ነፃነት ሲያገኙ የነበረውን ወሰን እንዲያከብሩ ሲወስን የተከተለው መንገድ፥ አስቀድሞ የላቲን አሜሪካ አገሮች የሄዱበትን ነው።

ከአላስካ ወደ ደቡብ የሚወርደው ታላቁ የአሜሪካ አውራ ጎዳናም በዚህ በዳርየን ዱር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቋረጣል። ከምክንያቶቹ አንዱ የከብት አፍተግር በሽታ ወደ ሰሜን እንዳይሻገር መፈራቱ ነው። በሽታውን ያገደ ዱር ሰውን ግን አላገደም፤ በ1 ዓመት ብቻ፥ በ2023፥ ከ520,000 የሚበልጡ ስደተኞች በእግራቸው አቋርጠውታል። ሕፃናት የታቀፉ እናቶች ነበሩባቸው፤ ከኛው ክፍለ ዓለም ከአፍሪካ የመጡም ነበሩባቸው። ብዙዎቹ የኡራባን ባሕረ ሰላጤ በጀልባ የተሻገሩት ጐብኚው በሚሻገርበት በዚያው ውሃ ላይ ነው። ጐብኚው ግን ከኮረብታው ጫፍ ወረቀቱን ለድንበር ጠባቂ ያሳይና፥ ላ ሚየል ወርዶ በባሕሩ ይታጠባል።