የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ምልመላ

የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ምልመላ ለክለብ ወይም ለአካዳሚ የሚበቁ ልጆች በአካል ብቃት ፈተና፣ በጨዋታ ችሎታ ወይም በሁለቱም ተመዝነው የሚለዩበት ሂደት ነው። ከታወቁት የብቃት ፈተናዎች አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር በ1968 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የ12 ደቂቃ ሩጫ ነው፤ የተሸፈነው ርቀት የልብና የሳንባን አቅም ያመለክታል። የጨዋታ ምዘና በአንጻሩ የኳስ ቁጥጥርን፣ ቅብብልንና የውሳኔ ፍጥነትን በግጥሚያ ውስጥ ይመለከታል። ፈተናው በቁጥር ለማነጻጸር ቢያመችም ቀድመው የጎረመሱትን ያስቀድማል፤ የጨዋታ ምዘና ደግሞ በመልማዩ ዕይታ ይወሰናል። የቦታ ከፍታም የሩጫ ፈተናን ውጤት ይነካል፤ ለምሳሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው መካነ ሰላምና በአካባቢዋ የደቡብ ወሎ ደጋ የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ስለሚቀንስ የረጅም ሩጫ ውጤት ይወርዳል። ስለዚህ ውጤቱ ከተመሳሳይ ዕድሜና ከፍታ ተፈታኞች ጋር ሲነጻጸርና በጨዋታ ምዘና ሲደገፍ አስተማማኝነቱ ይጨምራል።